ውርንጭላው የእናቱን ጆሮ ያይ ነበር

የመምህራን ማሠልጠኛውን ጨርሼ ሞጣ ስመደብ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰባዎቹ ዓመታት ወደ ማለቂያቸው ተቃርበዋል። ተወልጄ ያደግሁት ብቸና ነው። ማሠልጠኛ ከገባሁበት ጊዜ በቀር ከእናቴ ተለይቼ አላውቅም፤ እዚያም ቢሆን ከብቸና የሄድን ሴቶች ተጠጋግተን ስለምናድር መለየቱ ብዙም አልታወቀኝም። ሞጣ ግን አንድም የማውቀው ሰው አልነበረም። የምደባው ወሬ ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድልሽ አለኝ፤ እንቅልፌም ተቆራረጠ። እናቴ ይህን ሁሉ ታያለች እንጂ አትናገርም። አንድ ጠዋት የኮርቻውን ጠፍር ስትጠግን አገኘኋትና ወዴት ልትሄድ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አደርስሻለሁ። እስክትለምጂም አብሬሽ እቀመጣለሁ» አለችኝ።

ጊዜው ጳጉሜ ነበር። ክረምቱ ገና አልለቀቀም፣ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ከብቸና ወደ ሞጣ መኪና አያልፍም። ትምህርት ቤቱ ግን መስከረም ላይ ይከፈታልና በእግር መሄድ ግድ ሆነ። አባቴ ካረፈ ወዲህ እህሉንም ቅቤውንም ገበያ የምታደርስልን አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረችን። ጓዛችንን እሷ ላይ ጫንን። ባዝራዋ ግንቦት ላይ የወለደችው ውርንጭላ ስላላት፣ እሱንም ከእሷ ነጥሎ ማስቀረት ስለማይቻል፣ አራት ሆነን ወጣን። ቤቱን ወንድሜና ሚስቱ ቀሩበት።

እንደዚያ ውርንጭላ ያለ ፈሪ አይቼ አላውቅም። ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ የራሱን መልክ አይቶ ይደነብራል። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይደነብራል። አንድ ጊዜ እኔ አስነጥሼ ማሳ አቋርጦ ሮጠ። ከሮጠ በኋላ ግን የሚያደርገው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዞሮ መጥቶ ከባዝራዋ ጎን ይለጠፍና አንገቱን አሾልኮ ወደ ላይ ያያታል። ምኗን እንደሚያይ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የነገረችኝ እናቴ ናት።

«ጆሮዋን ነው የሚያየው» አለችኝ። «ጆሮዋ ካልቆመ ምንም የለም ማለት ነው።»

እውነቷን ነበር። ደብረ ወርቅ ልንደርስ ስንል አንድ ቄስ ከፊት ለፊታችን ይመጡ ነበር። ካፊያ ጀመረና ትልቁን ጥቁር ጃንጥላቸውን ቧ አድርገው ከፈቱት። ውርንጭላው ከመሬት ዘሎ ከእናቱ ጀርባ ተወሸቀ። ባዝራዋ ቀና ብላ ጃንጥላውን አንድ ጊዜ አየችና ጆሮዋን ጥላ ወደ ሣሯ ተመለሰች። ውርንጭላው በሆዷ ሥር አሾልኮ አየ። ቆይቶ አንድ እርምጃ ወጣ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ። ቄሱ ደግ ሰው ነበሩ። መንገዳቸውን ትተው ቆሙ፣ ጃንጥላውን ቀስ ብለው ወደ መሬት ዝቅ አደረጉለት፤ እሱም አንገቱን አስግጎ ጫፉን አሸተተና ሊልሰው ሞከረ። እናቴ መስቀል ስትሳለም ቄሱ ይህ ውርንጭላ ከተማሪዎቻቸው ይልቅ ቶሎ ይገባዋል ብለው ስቀው አለፉ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ።

ደብረ ወርቅ ዘመድ ቤት አድረን በማግሥቱ አንድ ወንዝ አጋጠመን። ሞልቶ ደፍርሶ ነበር። ውርንጭላው ዳር ላይ እግሩን ተክሎ አልገባም አለ፤ እኔም ብሆን ከሱ የተሻልሁ አልነበርኩም። እናቴ ቀሚሷን አሸንፍጣ የባዝራዋን ልጓም ያዘችና የሠርግ ዘፈን እያንጎራጎረች ገባች። መሀል ሲደርሱ ባዝራዋ ቆመች። ወደ ኋላ ዞራ በአፍንጫዋ ዝቅ ያለ ድምፅ አሰማች፤ ማሽካካት አልነበረም፣ የሚያባብል ሰው የሚያወጣው ዓይነት ነበር። ውርንጭላው ያን ሲሰማ ዘሎ ገባ። ከዳር ብቻዬን መቅረት ስላስፈራኝ እኔም ተከትዬ ገባሁ። ውኃው ከጭኔ አላለፈም።

ባዝራዋ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዱሮ ገበያ ታስራ ሳለች ነፋስ የገነጠለው ሸራ ከነገመዱ ጀርባዋ ላይ ወድቆ አቁስሏታል። ሞጣ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ የቆመ የጭነት መኪና ነበር፤ ሸራው በአንድ ጎኑ ተፈትቶ ይርገበገባል። ባዝራዋ ገና ከሩቅ ስታየው ጆሮዋ ቆመ፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ እየተንቀጠቀጠች ወደ ኋላ አፈገፈገች። ውርንጭላው ሸራ አይቶ አያውቅም። እናቱን አየ፣ ሸራውን አየ፣ ሄደ። ያዝነው ማሽላ ማሳ መሀል ነው። እናቱ ከተረጋጋችም በኋላ እሱ አልተረጋጋም። ይህ ፈረስ ኋላ አድጎ፣ አርጅቶም፣ የአውቶቡስ ጡሩምባ ጆሮው ሥር ቢነፋ ከምንም የማይቆጥር እንስሳ ሆነ፤ ሸራ ካየ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከመንገድ ይወጣ ነበር። ሸራ አንድም ቀን ነክቶት አያውቅም። ፍርሃቱን የወሰደው ከእናቱ ነው።

ሞጣ ቀበሌው አንዲት ክፍል ቤት ሰጠን። ጎረቤታችን ሣር የበዛበት ሰፊ ጓሮ ያላቸው አረጋዊ ቄስ ነበሩና ባዝራዋና ልጇ እዚያ እንዲያድሩ ፈቀዱ። ቀን ቀን እናቴ በትምህርት ቤቱ አጥር ጎን ታግጣቸዋለች። እሷ እንደነገረችኝ ሣሩ እዚያ ይሻላል። ሣሩ የሚሻለው ከእኔ ክፍል መስኮት ፊት ለፊት መሆኑን አላጣሁትም።

የተሰጠኝ አንደኛ ክፍል ነው። የመጀመሪያው ቀን የሰማሁት ጩኸት አሁንም ይታወሰኛል። ደወላችን ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ ዘበኛው በብረት ሲመታው ከተማው ሁሉ ይሰማዋል። ደወሉ እንደተመታ እናቶቹን ከግቢ አስወጥቶ በሩን ዘጋው። አንዷ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ጎኗ ያለው ተቀበላት። ወዲያው ክፍሉ በሙሉ ያለቅስ ጀመር፤ መስኮት ላይ የወጣ አለ፣ ዴስክ ሥር የገባ አለ። እኔ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው አጠገብ ቆሜያለሁ። ማሠልጠኛ ውስጥ የተማርሁት ሁሉ ጠፋብኝ፤ እንደ ልጆቹ ማልቀስ ብቻ ቀረኝ።

ያኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ዘበኛው ቸርኬውን ደግሞ መታው። ውርንጭላው ዘለለ፤ ሮጦ ባዝራዋን ተጠጋ። ባዝራዋ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። እሱም ወዲያው ጎንበስ ብሎ መጥባት ጀመረ። እናቴ አጠገባቸው ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፤ ቀና ብላ ወደ መስኮቱ አየችና መፍተሏን ቀጠለች። ጠመኔውን አስቀመጥሁ።

ወጥቼ ዘበኛውን በሩን እንዲከፍተው ጠየቅሁት። ዲሬክተሩ አይሆንም ማለታቸውን ነገረኝ። ኃላፊነቱ የኔ ነው አልሁት። እናቶቹ አጥሩ ሥር ተኮልኩለው ኖሮ በሩ ሲከፈት ጎርፈው ገቡ። ከኋላ ግድግዳ ሥር መሬት ላይ እንዲቀመጡ ነገርኋቸው። ልጆቹ እናታቸውን በዓይናቸው ፈልገው ሲያገኙ ለቅሷቸው እየበረደ ሄደ። ልጆቹ አንድ ፊደል አይተው ወደ ኋላ ይዞራሉ፣ እናታቸው እንዳለች ያረጋግጣሉ፣ ደግሞ ወደ ሰሌዳው ይመለሳሉ። ያን ቀን ከሀ እስከ ሆ ደረስን።

በሦስተኛው ቀን ዲሬክተሩ መጡ። ክራቫታቸውን ፈትተው የማያውቁ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሸበቶ ሰው ነበሩ። በር ላይ ቆመው የኋላውን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር አዩና ወደ ውጭ ጠሩኝ።

«ይህ ክፍል ነው ወይስ ገበያ?» አሉኝ።

የሚያለቅስ ልጅ ይሰሙ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ጆሯቸውን ወደ በሩ ሰጡ። አይሰማም። ሌላው አንደኛ ክፍል ግን ከግቢው ማዶ ገና ይጮኻል። እሳቸው ወደዚያ ዞረው አዳመጡ። በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

«ከወረዳ ከጠየቁኝ የመሠረተ ትምህርት ነው እላለሁ። ስለዚህ ዝም ብለው አይቀመጡ፤ ይማሩ።»

እንዲህ ሆኖ ክፍሌ ሁለት ዓይነት ተማሪ ኖረው። እናቴም ባዝራዋን አጥሩ ላይ አስራ ገባች። ደብተር ስላልነበረ እናቶቹ በሚተርፈኝ የጠመኔ ስባሪ ሲሚንቶው ላይ ይጽፋሉ። እናቴ ሰ ሁለት መሆኑ ከቶ አልዋጥልሽ አላት። አንዱ ከበቃ ሌላው ምን እንደሚሠራ ስትጠይቀኝ ምክንያቱን የቅኔ ሊቃውንት ያውቁታል ብዬ አመለጥሁ። ማታ ለጎረቤታችን ለአረጋዊው ቄስ አቀረበችላቸው፤ እሳቸው ደስ ብሏቸው ያስረዷት ጀመር፤ እራታችን ቀዘቀዘ።

ጥቅምት ሲገባ አብዛኞቹ ልጆች ወደ ኋላ መዞር ትተው ነበር። አንዷ ብቻ አልተወችም። ትንሽ፣ ቀጭን፣ ዓይኖቿ ትልልቅ የሆኑ ልጅ ናት። እናቷ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። ሌሎቹ ልጆች እናታቸው ስትገባ ሲረጋጉ ይቺኛዋ ልጅ ግን እናቷ አጠገቧ ሆናም አትረጋጋም። ፊደል እንድታነብ ስጠራት ድምፅ አይወጣትም። ደወል ሲደወል ጆሮዋን ይዛ ትታጠፋለች። ምን እንደማደርግላት ጨነቀኝ። ከዚያ እናቷን ማየት ጀመርሁ። ሽንኩርት ሻጯ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ፣ ግማሽ ጎኗን ወደ ውጭ አድርጋ ትቀመጣለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች። ኮሪደሩ ላይ የሰው ኮቴ ሲሰማ ትበረግጋለች። ልጅቷ ደግሞ ዓይኗ ከእናቷ ፊት አይነቀልም።

ነገሩን ያወቅነው ከሌሎቹ እናቶች ነው። ባለፈው ዓመት የበኩር ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ወጣቶቹ የተሰበሰቡት እዚህ ግቢ ውስጥ ነበር። ያንኑ ቸርኬ መትተው ስም ጠሩ። ትንሿ ልጅ ያኔ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማ ነበር። ልጁ ሰሜን መሆኑ ተሰምቷል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም።

ማታ ይህን ለእናቴ ነግሬ ልጅቷን ምን እንደማደርጋት ጠየቅኋት። እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ልጅቷን ተያት። ወንዙን ስንሻገር እኔ ፈርቼ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። እየዘፈነች ነበር የገባችው።

«ጎርፉ እግሬን ከመሬት ሊነቅለው ነበር። ግን አንቺ ፊቴን እያየሽ ነው፤ ስለዚህ ዘፈንሁ። ደግሞም ባዝራዋን ይዣለሁ። ይቺ ሴትዮ ማንን ትያዝ?»

ከማግሥቱ ጀምሮ እናቴ ቦታዋን ቀየረች። በሩ ጋ ሄዳ ከሽንኩርት ሻጯ አጠገብ ተቀመጠች። መጀመሪያ ብዙ አላወሩም። እናቴ ጠመኔ ታቀብላታለች፣ የጻፈችውን ታሳያታለች፣ ሆን ብላ ታበላሽና ትጠይቃታለች። በእረፍት ሰዓት አብረው ወጥተው ባዝራዋን ውኃ ያጠጣሉ። ሽንኩርት ሻጯ የባዝራዋን አንገት ማሻሸት ወደደች፤ ልጅቷም ውርንጭላውን ከሩቅ ማየት ወደደች። ውርንጭላው ደግሞ የሰው እጅ እናቱ ላይ ሲያርፍ ስላየ እሱም አንገቱን ማቀበል ጀመረ። እኔ ስንት ጊዜ ላቅፈው ሞክሬ ሸሽቶኛል፤ ለልጅቷ ግን በራሱ መጣ። ግንባሩን ስትነካው የሰማሁት ሳቅ የእሷ መሆኑን ለማመን ዞሬ ማየት ነበረብኝ።

ሴቶቹ ስለ ልጁ ያወሩ እንደነበር አውቃለሁ፤ ምን እንደተባባሉ ግን እናቴ አልነገረችኝም። ብቻ ሽንኩርት ሻጯ ቀስ በቀስ ከበሩ ራቀች። ነጠላዋ ከአፏ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ተቀመጠ። አንድ ረፋድ ላይ ገ እና ጠን ስናነብ ቸርኬው ድንገት ተመታ። ልጅቷ እንደ ልማዷ ደንግጣ ወደ እናቷ ዞረች። ሽንኩርት ሻጯ መሬት ላይ አቀርቅራ ትጽፋለች፤ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ አንዱን ፊደል ለማስተካከል ትታገላለች። ደወሉን የሰማችው አትመስልም። ልጅቷ አየቻት፣ አየቻት፣ ከዚያ ጆሮዋ ላይ የነበረውን እጇን አወረደችና ወደ ሰሌዳው ተመለሰች። ሳምንት ሳይሞላ ቆማ ስታነብ ድምፅዋ ከኋላ ይሰማ ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ እናቴ ወደ ብቸና ልትመለስ መዘጋጀቷን ነገረችኝ። ውርንጭላው ጡት የሚጥልበት ጊዜ ደርሷልና ከእኔ ጋር እንዲቀር ወሰነች። በአንድ ቀን አልነጠለችውም። በየቀኑ ባዝራዋን ትንሽ ራቅ አድርጋ ትወስዳለች፤ መጀመሪያ አጥሩን ዞራ፣ ቀጥሎ እስከ ከተማው ዳር፣ ከዚያም ለግማሽ ቀን። ውርንጭላው ይጣራል፣ ቆይቶ ይተዋል፣ ይግጣል። እኔንም ልክ እንደዚያ አለማመደችኝ። ክፍሌ መግባቷን ተወች፤ ቀጥሎ ከመስኮቱ ፊት ጠፋች፤ ጎረቤት ዘንድ እየዋለች ማታ ብቻ የምትመጣበት ጊዜ ሆነ። ያደረገችውን ያወቅሁት ከሄደች በኋላ ነው፤ ገብቶኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

የሄደች ዕለት ግን አለቀስሁ። ውርንጭላውም እየዞረ ሲጮህ ዋለ። አመሻሹ ላይ ሽንኩርት ሻጯ በልጇ እጅ ሽንኩርት አስይዛ መጣች። ወጡን እሷ ሠራችው። እየበላን ሳለ እናቴ ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር እንዳትተው አደራ እንዳለቻት ነገረችኝ። ምንን እንደሆነ ስጠይቃት «አንቺን ብቻሽን» አለችኝ።

ለፋሲካ የሽንኩርት ሻጯ የበኩር ልጅ እረፍት ተሰጥቶት መጣ። ከስቶ፣ ቁመቱ ጨምሮ ነበር። የመጣው ሳይታሰብ በአውቶቡስ ነው፤ ገበያ መሀል እናቱ ፊት ቆመ። ሽንኩርቱ ሁሉ እንደተበተነና ገበያተኛው እየለቀመ እንደሰጣት ከተማው ሲያወራ ሰነበተ። ትምህርት ሲከፈት እህቱ በእጁ እየጎተተች ግቢ አስገባችው። ወታደራዊ ጫማውን እያንኳኳ ኮሪደሩን አቋርጦ ክፍሌ ገባ፤ የእሷን ዴስክ አየ፣ የእናቱንም የሲሚንቶ ጽሑፍ አየ። ያን ኮቴ ሰምቶ የደነገጠ ሰው አልነበረም።

ሰኔ ላይ የትምህርት መዝጊያ በዓል ሆነ። ዲሬክተሩ ከእናቶቹ አንዷ ወላጆች ፊት እንድታነብ ፈለጉ፤ እናቶቹ ሽንኩርት ሻጯን መረጡ። ሰሌዳው ዛፉ ሥር ቆመ። ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ጻፍሁ። ከወረዳ የመጡ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ግቢው በሰው ሞልቷል። ሽንኩርት ሻጯ ወጥታ ቆመች። ሰዉን አየችና እንደገና ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደችው። እኔ ልረዳት ስነሣ ልጅቷ ከተማሪዎቹ ሰልፍ ወጣች። ሄዳ ከእናቷ ጎን ቆመች፣ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች፣ ፊቷን ቀና አድርጋ ሰዉን ታይ ጀመር፤ ጭራሽ የቸኮለች አትመስልም። እናትየዋ ዝቅ ብላ አየቻት። ከዚያ ጣቷን ሰሌዳው ላይ አድርጋ ማንበብ ጀመረች፤ መጀመሪያ ፊደል በፊደል፣ ቀጥሎ ቃል በቃል፣ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሳትቆም። እልልታው ከኋላ ተነሥቶ ግቢውን አዳረሰ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ዲሬክተሩ የተማሪዎቹን ካርድ ያድሉ ነበር። ሽንኩርት ሻጯ የልጇን ተቀብላ አልሄደችም።

«እኛስ አልፈናል ወይ?» አለቻቸው።

ዲሬክተሩ ወደ እኔ አዩ። አልፈዋል አልሁ። ክራቫታቸውን አስተካክለው ትንሽ አሰቡና የሁለተኛ ክፍሉን መምህር ጠሯቸው። ዝምታ የሚወዱ፣ ዝንብ ስትበር የሚሰማቸው ሰው ነበሩ። ለመስከረም ከኋላ ግድግዳ ሥር ቦታ እንዲያዘጋጁ ሲነገራቸው ለስንት ሰው እንደሆነ ጠየቁ። እናቶቹ ሁሉም እጃቸውን አወጡ።